ሳድበሪ፦ ፊት መሣል የሰለቸው ሠዓሊ አገር

ከለንደን ሊቨርፑል ስትሪት ተሳፍሬ ማርክስ ቴይ ላይ ባቡር ቀየርኩ። ሳድበሪ ሲደርስ ሐዲዱ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው።

የሄድኩት ለቶማስ ጌንስቦሮ ብዬ ነው። የእንግሊዝ መኳንንት መልካቸውን ለማሣል የተሻሙበት ይህ ሰው እዚህ በ1727 (እ.ኤ.አ.) ተወለደ። ያደገበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ጓሮው ውስጥ ከ400 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የማልበሪ ዛፍ ቆሟል። እሱ ልጅ ሳለም ዛፉ ሽማግሌ ነበር ማለት ነው።

እኔን ግን የበለጠ የያዘኝ ከከተማው ዳር ያለው መስክ ነው። ስቱር ወንዝ ዝግ ብሎ ይወርዳል፣ ከብቶቹ ይግጣሉ። ለካ የልጁ ልብ የቀረው እዚህ ነው!

በ1750 ገደማ የሣላቸውን ባልና ሚስት፣ አንድሩሶችን፣ አስታወስኩ። የተጋቡት እዚሁ ሳድበሪ፣ ኦል ሴንትስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሥዕሉ ላይ ባልየው ጠመንጃውን በብብቱ ይዞ ቆሟል፤ ሚስቱ በሰማያዊ ቀሚስ ተቀምጣለች። ሁለቱም ወደ ግራ ጥግ ተገፍተዋል። የቀረው ሰፊ ቦታ የታጨደ ስንዴ፣ በግና ደመና ነው። የሴትየዋ ጭን ላይ ደግሞ ሳይሣል የቀረ ባዶ ሸራ አለ። ወፍ ሊያስቀምጥበት ነበር የሚሉ አሉ፤ ሕፃን ነው የሚሉም አሉ። እኔ የታየኝ ሌላ ነው፦ ስንዴውን አሳምሮ ጨርሶ የከፋዩን ሚስት ጭን ትቶታል።

እንጀራው ግን ፊት ነበር። በ1759 ሀብታም ሁሉ ለፍል ውሃ ወደሚጎርፍባት ባዝ ሄደ፤ በ1774 ለንደን ገባ። ባዝ ሳለ፣ በ1768፣ የመስፍን አገልጋይ የነበረውን ጥቁሩን ኢግናሺየስ ሳንቾን ሣለው። በአንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ እንደጨረሰው ይነገራል። ሳንቾ ቀይ ሰደርያ ለብሶ፣ እጁን ሰደርያው ውስጥ ከትቶ፣ እንደ ማንኛውም ጌታ ተቀምጧል። ሥዕሉ አሁን ኦታዋ፣ ካናዳ ነው።

ለሙዚቀኛ ወዳጁ ለዊልያም ጃክሰን ሲጽፍ የሰው መልክ መሣል እንደታከተው፣ ሙዚቃ መሣሪያውን ይዞ ወደ አንድ መንደር ሄዶ መልክዓ ምድር መሣል እንደሚመኝ ነግሮታል። ከተማ ተቀምጦ ገጠሩ ሲናፍቀው ጠረጴዛው ላይ ድንጋይ፣ የደረቀ ቅጠልና የመስታወት ስባሪ ይደረድር ነበር። ድንጋዩ ገደል፣ ቅጠሉ ዛፍ፣ መስታወቱ ውሃ ይሆኑለታል።

ለንደን ያላችሁ፣ ሳድበሪ ባይመቻችሁም ናሽናል ጋለሪ ጎራ በሉ። አንድሩሶች እዚያ ናቸው፤ መግቢያው ነፃ ነው። መጀመሪያ ስንዴውን እዩት።