የሚያፈስ ጣራ፦ ራሴ ልውጣ ወይስ ባለሙያ ልጥራ?

ቤታችን አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት አሮጌ የጭቃ ቤቶች አንዱ ነው። ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ። ሰኔ ግም ሲል ማፍሰስ ጀመረ። እንደ እኔ በቤት ጥገና እጃችሁን እያፍታታችሁ ላላችሁ፣ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ሳፋና ባልዲ መደርደር ለአንድ ሰሞን ያዋጣል። ሐምሌና ነሐሴን ግን በሳፋ መግፋት አይቻልም። እስቲ አስሉት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። 40 ካሬ በሆነ ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ከወረደ 800 ሊትር ነው፤ አራት ትልልቅ በርሜል። አዲስ አበባ ደግሞ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፣ አብዛኛውንም በክረምት።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ “ሲሊኮን ገዝተህ ድፈነዋ!” ነው የሚለኝ። የቱን ነው የምደፍነው? ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። “ልጄ፣ ውሃው ጠብ ያለበትና የገባበት ቦታ አንድ እንዳይመስልህ” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ውሃ በቀዳዳ ከገባ በኋላ ሞራሌውን፣ ማለትም ቆርቆሮው የተመታበትን እንጨት፣ ይዞ ይሄድና ሌላ ቦታ ላይ ይንጠባጠባል። አልጋው ላይ የሚወርደው በር አካባቢ የገባው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ጣራ ላይ ከመውጣቴ በፊት ውስጡን አየሁት። በጠራራ ፀሐይ የኮርኒሱን አንድ ጥግ ፈትቼ አንገቴን አስገባሁ። ቀዳዳ ካለ ብርሃን ይታያል፤ እሱን በጠመኔ ምልክት አደረግኩበት። ብርሃን የማያሳዩት ናቸው አስቸጋሪዎቹ። ሚስማሩ ቀዳዳውን ሞልቶታል፣ ውሃው ግን በጎኑ ይገባል። እነዚህን የምታገኟቸው እንጨቱን በማየት ነው። ሚስማሩ ዙሪያ ሞራሌው ጠቁሮ ከሆነ ውሃ ጠጥቷል።

ከዚያ ካቻቢቴ አንስቼ የጠቆረውን ሁሉ ወጋ ወጋ አደረግኩት። ውሳኔውን የሰጠኝ ይሄ ነው። ሳሎኑ ላይ ጫፉ ትንሽ ጭሮ ቆመ፤ እንጨቱ ጤነኛ ነው። በጓዳው በኩል ግን ዳቦ ላይ እንደሚገባ ስምጥ አለ፣ ሲወጣም እርጥብ ብናኝ ይዞ ወጣ። እዚያ ሚስማር ብመታ ምን ይይዘዋል? እኔስ ብወጣበት ምን ይይዘኛል? ሳሎኑን ራሴ፣ ጓዳውን ባለሙያ አልኩ። ብዙ ሰው የሚወስነው በሚንጠባጠበው ውሃ ብዛት ነው። ለእኔ ግን ከቆርቆሮው ስር ያለው እንጨት ይበልጣል። ሳሎኑ ከጓዳው የባሰ ነበር የሚያፈሰው።

የሳሎኑ ጣጣ ሚስማር ነው። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይኮማተራል። ይሄ ለዓመታት ሲደጋገም ሚስማሩ ቀስ እያለ ብድግ ይላል፣ ከባርኔጣው ስር ያለው ጎሚኒም ይደርቅና ይሰነጠቃል። አንዳንዶቹን በጣቴ መንቀል ይቻል ነበር! እነሱን አውጥቼ ረዘም ባሉ፣ አዲስ ጎሚኒ ባላቸው ተካኋቸው። ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው። ዝቅ ባለው ላይ ከተመታ ውሃው የሚሄድበትን መንገድ በስታችኋል ማለት ነው።

ለመውጣት ደረቅ ጠዋት ጠበቅኩ። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ መውጣት እብደት ነው። መሰላሉን ወንድሜ ያዘልኝ። የመብራት ገመዱ በሚገባበት በኩል ድርሽ አላልኩም፣ ቆጣሪውም ላይ መብራቱን አጥፍቼ ነበር። ረጅም ጣውላ አንጥፌ የምረግጠው የሚስማሩን መስመር እየተከተልኩ ነው፤ ከስሩ ሞራሌ ያለው እዚያ ነዋ።

ሲሊኮንን በተመለከተ፦ ዝገትና እርጥበት ላይ አይጣበቅም። በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉት፣ ጥረጉት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ቀቡ። ሰፋ ላለ ቀዳዳ ቁራጭ ቆርቆሮ ይሻላል። የቁራጩ የላይኛው ጫፍ ግን ከላይ ባለው ቆርቆሮ ስር መግባት አለበት፤ አለበለዚያ ውሃውን ራሳችሁ ወደ ውስጥ ትመሩታላችሁ።

አሸንዳውንም አየሁት። በባህር ዛፍ ቅጠል ጢም ብሎ ነበር። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ ግድግዳውን ያርስ ነበር። ያንን ለማጽዳት ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም።

ጣራችሁ ቆርቆሮ ሳይሆን የድሮ ኢተርኒት (ከሲሚንቶ የተሠራ የጣራ ልባስ) ከሆነ ግን አትብሱት፣ አትቁረጡትም። አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ ብናኙ ለሳንባ ጠንቅ ነው። የቀበሌ ቤት ከሆነም ቆርቆሮ ከመቀየራችሁ በፊት ወረዳውን ጠይቁ።

አሁን ያለንበት፦ ሳሎኑ ደርቋል። ነፋስ ቀላቅሎ ሲዘንብ ብቻ ከጣራው አናት፣ ሁለቱ ጎኖች የሚገናኙበትን ከሚሸፍነው ክዳን በኩል ጠብ ይላል፤ እሱን ገና አልደረስኩበትም። ጓዳው ላይ ሸራ ወጥረን ከውጭ ካለው ቋሚ ጋር አስረነዋል። በድንጋይ እንጫነው የሚል ሐሳብ ቤት ውስጥ ተነስቶ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ድንጋይና አሮጌ ጎማ ነው የሚጭነው። ቆርቆሮው የሚጎደጉደው፣ ውሃ የሚያቁረውና የሚዝገው ግን እዚያው ስለሆነ እንቢ አልኩ።

በክረምት ባለሙያ ማግኘት መከራ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው። አንዱን ለጥቅምት ቀጥሬዋለሁ። ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ እንዲያለብሰው ተነጋግረናል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ቆርቆሮው እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ርካሽ ነው ተብሎ 35 ሲቀርብላችሁ አትቸኩሉ። አዲሱን ሞራሌ እኔ ገዝቼ፣ ከምስጥ እንዲተርፍ የተቃጠለ ዘይት ቀብቼ እጠብቀዋለሁ። የጣራ አናት ክዳን ራሱ የጠገነ ካለ ከስሩ ምን እንዳደረገበት ይንገረኝ፤ ነሐሴ ሳይገባ ልሞክረው እፈልጋለሁ።