የአባታችን ቤት ሲገመት

ቢቸና ያለውን የአባታችንን ቤት የሸጥነው በ2014 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ገዢው ከባንክ ስለሚበደር፣ ባንኩ ቤቱን የሚገምት ኢንጂነር ላከ።

ታላቅ ወንድሜ ከዋዜማው መክሮኝ ነበር። «እታለም፣ የጠየቀሽን ብቻ መልሺ። ያልጠየቀሽን ምን አግብቶሽ ትነግሪዋለሽ?» ወንድም ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም። ያ ቤት ሲሠራ ጭቃውን ያቦካው እሱ ነው። የቤቱ ዋጋ ሲወርድ የአባታችን ስም አብሮ የወረደ ይመስለዋል።

እኔ ግን ከዚያ በፊት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የነበረኝን ቤት ሸጬ አይቻለሁ። እዚያ ሻጭ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ምድር ቤቱ እርጥበት የሚያውቀውን በቅጽ ይሞላል። ሜሪላንድ ውስጥ «ዝርዝር አልሰጥም፣ እንዳለ ነው የምሸጠው» ማለትም ይቻላል። ያም ሆኖ ገዢው አይቶ ሊያገኘው የማይችለውን፣ ለጤና ወይም ለደኅንነት የሚያሰጋ ነገር እያወቁ መደበቅ አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት ለተሠራ ቤት ደግሞ ስለ ሊድ ቀለም፣ ማለትም መርዛማ እርሳስ ስላለበት ቀለም፣ የተለየ ወረቀት ይፈረማል፤ ይኼ የፌዴራል ሕግ ነው። የእኔ ቤት የ1950ዎቹ ስለነበር ፈርሜያለሁ። ገማቹ ሲመጣም ጣሪያው መቼ እንደተቀየረ፣ ማሞቂያው ስንት ዓመቱ እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፌ ከነደረሰኙ ሰጠሁት።

ቢቸና ላይ እንዲህ ያለ ቅጽ ማንም አልሰጠኝም። ኢንጂነሩ መጀመሪያ የጠየቀው ካርታውን ነው። ከዚያ የግብር ደረሰኝ፣ የወራሽነት ማስረጃ፣ የእህታችን ውክልና። እኛ አገር መሬት የመንግሥት ስለሆነ ወረቀቱ ከግድግዳው ባልተናነሰ ይመዘናል። ውጭ ያላችሁ፣ እባካችሁ ካርታው በማን ስም እንዳለ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አጣሩ። እኔ ሦስት ሳምንት የፈጀሁት በዚህ ነው።

ከዚያ ሜትሩን ዘረጋ። አጥራችን ከካርታው ይሰፋል። አባባ ከጀርባ ያለችውን ቁራሽ መሬት ጎመን ሲተክልባት ኖሮ በኋላ አጠራት። ነገርኩት። ሰርቪሷም ፕላን የላትም። «እሷን አልቆጥራትም» አለ።

ዋናው ግን ዋልካው ነው። ቢቸናን የሚያውቅ ሰው አፈሩን ያውቃል። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በጋ ሲደርቅ ደግሞ እየተሰነጠቀ እግር ያስገባል። ላዩ ላይ የቆመ ቤት አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። የሳሎናችን በር ነሐሴ ላይ በትከሻ ተገፍቶም አይዘጋም። የጓዳው ግድግዳ በየዓመቱ ይሰነጠቃል፣ በየዓመቱ በጭቃና በጭድ ይመረጋል። ኖራ ከተቀባ በኋላ ምንም አይታይም። ሰውየው ደግሞ የመጣው በጥር ነው። በሩ ይዘጋል፣ ግድግዳው ነጭ ነው። እኔ ካልነገርኩት በምን ያውቀዋል?

ሌላም ነበር። ከሰርቪሷ አጠገብ አሮጌ የሽንት ቤት ጉድጓድ አለ። ልጅ ሳለሁ በአፈርና በድንጋይ ሲደፈን አይቻለሁ። ገዢው ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት። ነገ ሰርቪሷን አፍርሶ ሌላ ልሥራ ቢልና መሬቱ ቢከዳውስ? ይኼን እያሰብኩ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

ሁሉንም ነገርኩት። ኢንጂነሩ ዝም ብሎ ጻፈ። ወንድም ጋሼ ወጥቶ ደጅ ቆመ።

ግምቱ ከጠበቅነው አነሰ። ብድሩም አብሮ አነሰ፤ እኛም ዋጋ ቀነስን። ወንድም ጋሼ ሁለት ቀን አላናገረኝም። ከፋኝ። ግን የነገርኩትን መልሼ ልውሰደው ብዬ አላሰብኩም።

ውል ከመፈራረማችን በፊት ገዢው ሚስቱን ይዞ መጣ። እኔ ቡና እያፈላሁ ስለነበር ቤቱን ያዞራቸው ወንድም ጋሼ ነው። ሳሎን ሲደርሱ እጁን በሩ ላይ አሳርፎ ቆመ።

«ይኼ በር ነሐሴ ላይ እንቢ ይላል» አላቸው። «ያኔ ታግላችሁ እንዳትልጉት። መስከረም ሲጠባ በራሱ ይመለሳል።»

ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰዳቸው። ጀበናውን እንደያዝኩ በመስኮት አየሁት። ከሰርቪሷ ጥግ ተነስቶ፣ ጉድጓዱ እስካለበት ድረስ በእርምጃ ይለካላቸው ነበር።