«ከኪስዎ ምንም አይከፍሉም»

ማርች 2025 ሊያልቅ ሲል ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምሠራበት የታክስ ቢሮ በሰው ተሞልቷል። የታክስ ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን፣ አፕሪል 15፣ እየቀረበ ስለሆነ ምሳ የምንበላው ቆመን ነው። አንዲት እናት ትልቅ ፌስታል አንጠልጥለው ገቡ። ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ። ታክሳቸውን ያሠሩት እኛ ጋ አይደለም።

«ልጄ፣ ሪፈንዴ ጠፋ» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። ታክስ ካስገቡ በኋላ መንግሥት የሚመልስላቸውን ገንዘብ ማለታቸው ነው።

ታክሱ የገባው ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው። ኢ-አይ-ሲ፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚሰጠው የታክስ ድጎማ፣ ያለበት ሪፈንድ ከፌብሩዋሪ አጋማሽ በፊት አይለቀቅም፤ 2015 ላይ የወጣ ሕግ ነው። ይህን ያውቃሉ፣ ታግሰዋልም። ነገር ግን አብረዋቸው የሚሠሩት ሴቶች በሙሉ ማርች ሲገባ ተቀብለዋል። የልጅ ልጃቸው የታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ የአይ አር ኤስ፣ ድረ ገጽ ላይ ስንቴ ሞክሮ፣ በየጊዜው «መረጃው አይገጥምም» ይለዋል።

«ልጁ ስንት ብር ብሎ ነው የሚያስገባው?»

«አራት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ታክሱን የሠራልኝ ሰውዬ የነገረኝ እሱን ነው። ይኸው፣ ጽፎ ሰጥቶኛል።»

ያ ገጽ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይጠይቃል፣ ዓመቱንና ሲንግል ነህ ወይስ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ፣ ማለትም ቤተሰብ አስተዳዳሪ፣ የሚለውን ይጠይቃል፣ ከዚያ የሪፈንዱን ልክ። ልኩ ታክሱ ላይ የተጻፈው ራሱ መሆን አለበት፤ ከዚያ ከተለየ አይከፍትም። ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፍነውና 1040 የሚባለውን ዋናውን የታክስ ፎርም አገኘሁት። ሁለተኛው ገጽ፣ መስመር 35a። 5,207 ይላል።

5,207 ብዬ ሳስገባ ወዲያው ተከፈተ። ተልኳል። ፌብሩዋሪ 27።

ወዴት ነው የተላከው? የራሳቸውን ቼክ አውጡ አልኳቸው። አንዱን ጣቴን ቼኩ ላይ፣ ሌላውን መስመር 35b ላይ አድርጌ ራውቲንግ ነምበሩን፣ የባንኩን መለያ ቁጥር፣ አስተያየሁት። አይገናኝም። ሆዴ ባር ባር አለ። በዚህ ሥራ የሌላ ባንክ ቁጥር ስታይ መጀመሪያ የሚመጣብህ ስርቆት ነው። እሳቸው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ፊቴን መቆጣጠር አቃተኝ።

ሳገላብጥ ከኋላ ሌላ ወረቀት አገኘሁ። የባንክ ስምምነት ነው፣ ፈርመውበታል። ያኔ ገባኝ። ሪፈንዱ መጀመሪያ በስማቸው ለጊዜው ወደተከፈተ አካውንት ይገባል፤ ባንኩ የታክስ ሠሪውን ሂሳብና የራሱን ቆርጦ የቀረውን ይልካል። የቀረው እንዴት ይላካል የሚለው ቦታ ላይ «ካርድ» የሚለው ተመርጧል።

«እማማ፣ ካርድ ሰጥቶዎት ነበር?»

«የምን ካርድ?»

ፌስታሉን እንደገና በረበሩ። ከመብራት ቢልና ከቤተ ክርስቲያን መዋጮ ደረሰኝ መካከል አንድ የታጠፈ ወፍራም ወረቀት ወጣ። ውስጡ ካርድ ተለጥፏል። ላዩ ላይ ያለው ስቲከር እንኳን አልተላጠም።

«ይሄ ማስታወቂያ አይደለም እንዴ?»

ከካርዱ ጀርባ ያለው ቁጥር ላይ ደወልን። ስልኩን ላውድ ላይ አደረግሁት። ማሽኑ ቁጥር በቁጥር ጠየቀን፣ ቀጥሎ ሂሳቡን ነገረን። አራት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ዶላር ከዜሮ ሳንቲም። «ተመስገን!» ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩን። ገንዘቡ ባይኖር ኖሮ 3911 የሚባለውን ፎርም ሞልተን ፍለጋ ልናስጀምር ነበር፤ እሱ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል።

እኔ ግን መደሰት አልቻልኩም። 5,207 ሲቀነስ 4,412፣ 795።

ዝርዝሩ የስምምነቱ ወረቀት ግርጌ ላይ አለ። ለታክስ ሥራ 695። ለባንኩ 45። ለኮምፒውተር ፕሮግራም 55። አንድ ደብልዩ ቱ፣ ማለትም አንድ የአሠሪ የደመወዝ ወረቀት፣ እና አንድ ልጅ ላለበት ታክስ ነው ይህ ሁሉ።

«እማማ፣ ሲያሠሩ ዋጋውን ጠይቀው ነበር?»

«ጠይቄዋለሁ እንጂ! ‹ከኪስዎ ምንም አይከፍሉም› አለኝ። ምንም አላስከፈለኝም፣ የተባረከ ልጅ ነው። በዓል ሲደርስም ይደውልልኛል።»

ዝም ብል ይሻል ነበር ይሆን? እስካሁን አስበዋለሁ። ግን ነገርኳቸው። ወረቀቱን ወደሳቸው አዞርኩና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ መልሰው አወለቁት። ብዙ ቆይተው፣ «ይሄ እኮ የሁለት ሳምንት ደመወዜን ሊያክል ምንም አይቀረው» አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም። ቢጮሁ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ቪታ የሚባል እንዳለ ነገርኳቸው። በአይ አር ኤስ ድጋፍ በጎ ፈቃደኞች ታክስ የሚሠሩበት ነው። በዚያ ዓመት እስከ 67,000 ዶላር ገደማ ለሚያገኝ ሰው ክፍት ነበር። «እዚያ በነፃ ነው የሚሠሩልዎት» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ በነፃ ነው ያለኝ እኮ እሱም ነው።»

መልስ አልነበረኝም።

ማታ ታክሳቸውን ለሠራው ሰውዬ ደወልኩለት። በሥራ እንተዋወቃለን። «እንዴት ለእናቶቻችን ዋጋውን ሳትነግር ትሠራለህ?» አልኩት። «ፈርማለች» አለኝ። «አንብበህላቸዋል ወይ?» አልኩት። «ፈርማለች አልኩህ እኮ፣ ቢሮህ ይሄ አገልግሎት የለም ወይ?» አለና ዘጋው። ታክሱ ላይ ፊርማውም፣ ፒቲን የሚባለው የታክስ ሠሪነት መለያ ቁጥሩም አለ። ሥራው ራሱ ስህተት የለበትም፣ ሁለቴ ፈትሼዋለሁ። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ የምከሰው ነገር የለኝም።

ዋጋን ከሪፈንድ ላይ የማስቆረጡ አገልግሎት እኛም ቢሮ አለ። ያው ስምምነት የኔም መሳቢያ ውስጥ ነው። በማግስቱ አለቃዬን አስፈቀድኩና ዋጋችንን በአማርኛ በትልቁ ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ አቆምኩት። ከሪፈንዱ ላይ ከተቆረጠ ባንኩ ስንት እንደሚጨምር፣ አሁን በእጅ ከተከፈለ ስንት እንደሚቀንስ ጻፍኩ። ሰው ሳይቀመጥ አነብለታለሁ። በማሠራት ላይ ያለ ሰው ገንዘቡ በማን አካውንት እንደሚገባ መስመር 35 ላይ ራሱ በጣቱ እየነካ እንዲያይ አደርጋለሁ።

በዚያው ሳምንት አንድ ወጣት ባልና ሚስት መጡ። ወረቀቱን ቆመው አነበቡት። ሚስትየው ባሏን ክርኑን ነካ አደረገችው።

«ወንድም፣ ይቅርታ» አለኝ ባልየው በትሕትና። «ከማዶ ያሉት ግን ከኪስ ምንም አንቀበልም ብለውናል።»

ላስረዳቸው ብድግ ስል በሩን ከፍተው ወጡ።