ጡጦ፣ የፈላ ውኃና ፕላስቲክ

በአዳማ ገበያ ጡጦ ሲገዛ አብዛኛው ሰው የሚመረምረው መጠኑን፣ የጫፉን ልስላሴና ዋጋውን ነው፤ ገልብጦ ከሥሩ በሦስት ቀስቶች ተከብባ የተቀረጸችውን ቁጥር የሚያነብ ጥቂት ነው። ለእህቴ ልጅ ዕቃ ስንገዛ ጉዳዩን በጥሞና ማንበብ ጀመርኩ፤ ያገኘሁትንም ሕፃን ላላቸው ቤተሰቦች ማካፈል ይገባኛል።

ቁጥሯ 7 ከሆነችና ዕቃው እንደ መስታወት የጠራና ጠንካራ ከሆነ፣ ፖሊካርቦኔት ሊሆን ይችላል። ፖሊካርቦኔት የሚሠራው ቢስፌኖል ኤ፣ በአጭሩ ቢፒኤ፣ ከሚባል ኬሚካል ሲሆን፣ ዕቃው ሲሞቅ፣ ሲቧጨርና ሲያረጅ ከዚህ ኬሚካል ጥቂቱ ወደ ምግቡ ይገባል። ቢፒኤ በሰውነት ውስጥ የኤስትሮጅን ሆርሞንን ሥራ ስለሚያስመስል፣ አካሉ ገና በመሠራት ላይ ላለ ጨቅላ ይበልጥ ያሳስባል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2008 እንዲህ ያሉ ጡጦዎችን እንደምታግድ አስታወቀች፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ከለከላቸው፤ አሜሪካም አምራቾቹ ራሳቸው መጠቀሙን ትተውት ስለነበር በ2012 ፈቃዱን አነሣች። ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ግን፣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ሰው በየቀኑ ቢወስደው አያሰጋም የሚለውን መጠን በ2023 ሲከልስ፣ በ2015 ካስቀመጠው 20,000 ጊዜ ያህል ዝቅ ማድረጉ ነው።

«ቢፒኤ የለበትም» የሚለው ጽሑፍ ጠቃሚ ቢሆንም ሁሉንም ነገር አይናገርም። በአንዳንድ ፕላስቲኮች ቢፒኤን የተካው ቢስፌኖል ኤስ ሲሆን፣ እሱም ሆርሞን ላይ ተመሳሳይ ጠባይ ይታይበታል። ዛሬ ብዙው ጡጦ የሚሠራው ቁጥር 5 ከሆነው ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ይህ ፕላስቲክ ከቢፒኤ የተሠራ አይደለም። ሆኖም የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ እነዚህ ጡጦዎች በ70 ዲግሪ ውኃ የዱቄት ወተት እንደሚበጠበጥ ሲሞከሩ በአንድ ሊትር እስከ 16 ሚሊዮን የሚደርሱ በዓይን የማይታዩ የፕላስቲክ ቅንጣቶች እንደሚለቁ አሳይተዋል። ዋናው ምክንያት ሙቀት ነው፤ በ25 ዲግሪ ውኃ 600 ሺህ ያህል የነበረው ቅንጣት በ95 ዲግሪ ወደ 55 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። ጥናቱ የለካው የቅንጣቶቹን ብዛት እንጂ በሕፃኑ ጤና ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት አለመሆኑን መርሳት አይገባም።

እዚህ ላይ የብዙ እናቶች ጭንቀት ይጀምራል። ጡጦ መቀቀል አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የዱቄት ወተት ራሱ ጀርም ሊይዝ ስለሚችል ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውኃ እንዲበጠበጥ ይመክራል። ተቅማጥ ሕፃናትን በሚገድልበት አገር ፕላስቲክን ፈርቶ መቀቀልን መተው ታላቅ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። መፍትሔው ሁለቱን ሥራዎች መለየት ነው፤ የተቀቀለውን ጡጦ በብረት ዕቃ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ማለቅለቅ፣ ወተቱን ከፔርሙስ በተቀዳ ትኩስ ውኃ በንጹሕ የብርጭቆ ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ መበጥበጥ፣ ለብ ሲል ብቻ ወደ ጡጦው መገልበጥ። በእኛ ቤት እናታችን ስድስት ወር ላለፈው ልጅ የምታዘጋጀውን አጥሚት ከምድጃ እንዳወረደች በቀጥታ ጡጦ ውስጥ ታደርገው ነበር፤ ምክንያቱን ስናስረዳት ያለ ክርክር ተቀበለችን። የብርጭቆ ጡጦ ማግኘትና መግዛት ለቻለ ሰው ጭንቀቱ ይቀላል፤ እናት ጡት ማጥባት ከቻለች ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ጥያቄው ራሱ አይነሣም።

ለትልልቆቹ ልጆችም ትኩስ ሽሮ በፕላስቲክ የምሳ ዕቃ ባይጨለፍ መልካም ነው፤ ሙቀትና ዘይት ሲገናኙ ከፕላስቲክ የሚወጣው ነገር ይጨምራልና። በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው የውኃ ጠርሙስ ቁጥር 1 ሲሆን ቢፒኤ የለበትም፤ ነገር ግን ለትኩስ ነገር አልተሠራም፤ በሙቀት ሲቆይም አንቲሞኒ የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ውኃው ይለቃል። ስለዚህ በአዳማ ፀሐይ ሱቅ ደጃፍ ተደርድሮ የዋለውን ትተው፣ ከጥላ ውስጥ እንዲሰጣችሁ ባለሱቁን ጠይቁ። የደበዘዘ፣ የተሰነጠቀ ወይም በብሩሽ የተቧጨረ ጡጦ ግን ለሌላ ሕፃን ሳይተላለፍ ይወገድ።