ዘር ማንዘሩ የታወቀው ወይን

እጮኛዬ «ለፋሲካ እኛ ቤት ና» ስትለኝ ያስጨነቀኝ ምን ይዤ እንደምሄድ ነው። ኬክ ሁሉም ይዞ ይመጣል። ውስኪ ኪሴ አይችለውም። ስለዚህ ካበርኔ ሶቪኞን የሚባል ወይን ገዛሁ፤ ቀይ፣ ድራይ (ማለትም የማይጣፍጥ)፣ 13.5 በመቶ አልኮል፣ እዚሁ ዝዋይ ከበቀለ ወይን የተጠመቀ። ሌሊቱን ስለ ወይን ሳነብ አደርኩ። ማትሪክ የምፈተን ነበር የምመስለው።

አባቷ ጋሼ ነጭ በነጭ ለብሰው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ታቅፌያለሁ። ወደኔ እያዩ ልጃቸውን «ለመሆኑ ዘር ማንዘሩ ከወዴት ነው?» አሏት።

ይቺን ነበር የምጠብቀው! «ጋሼ፣ ካበርኔ ፍራንና ሶቪኞን ብላን ከሚባሉ ቀይና ነጭ የወይን ዝርያዎች የተዳቀለ ነው። ወላጆቹ ለብዙ ዘመን አይታወቁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ በዲኤንኤ ምርመራ ነው የተደረሰባቸው» አልኩ፣ ሳልተነፍስ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እጮኛዬ በክርኗ ጎሰመችኝ።

«እኔ የጠየቅኩት ያንተን ነው» አሉ ጋሼ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ቁልቁለት ነው። የወይን መክፈቻ የለም። ያለው የቢራ ብቻ ነው። ቡሹን በማንኪያ እጀታ ወደ ውስጥ ገፋሁት። ቡሹ ገባ፣ ወይኑ ወጣ። የወጣው ደግሞ እናቷ እትዬ ነጠላ ላይ ነው። ያውም አዲስ፣ ለበዓሉ የተገዛ። «ግድ የለም ልጄ፣ ይለቃል» አሉኝ። ፊታቸው ግን እንደዚያ አላለም። ጨው አምጥተው ነሰነሱበት፤ ነጠላው ቁርጥ ጥሬ ሥጋ መሰለ።

ዶሮ ወጡ ቀረበ። ጋሼ ጎረሱ፣ ከወይኑ አንድ ጊዜ ጨለጥ አደረጉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ሴትዮ፣ ዘንድሮ በርበሬውን ምን አደረግሽው?»

«የእኔ ዶሮ ሰው አስለቅሶ አያውቅም!» እትዬ ተቆጡ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። እንዲህ ያለ ደማቅ ወይን ታኒን የሚባል ነገር ይበዛበታል። ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚወጣ ነው፤ እንደ ቆየ ሻይ ምላስ ያደርቃል። በበርበሬ ላይ እሱና አልኮሉ ሲታከሉ በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። ይህን ሌሊት አንብቤዋለሁ። ግን የዲኤንኤው ወሬ በልጦብኝ ዘልዬዋለሁ።

ትንሹ ወንድሟ ኮካ ይዞ መጣና የሁሉንም ብርጭቆ ሞላው። ሆዴ አረረ። ሳልወድ በግዴ ቀመስኩት። ይቅርታ ይደረግልኝና ከዶሮው ጋር ከኔ ድራይ ይሻላል፤ ስኳሩ ቃጠሎውን ያበርደዋል። ይህን ያልኩት ለማንም እንዳይነገር።

ያዳነኝ ቁርጡ ነው። ሻኛው ከነጮማው ሲመጣ ለመንኳቸው። «ጋሼ፣ አንዴ ብቻ፣ ያለ አዋዜ፣ ያለ ኮካ።» ታኒኑ ምላስን ትቶ ሥጋውንና ስቡን ይይዛል፤ ወይኑም ይለሰልሳል። ይህንን ግን ለራሴ ያዝኩት። ዘር ቆጥሬ ያየሁትን አይቻለሁ።

ጋሼ ቆረጡ፣ አላመጡ፣ ጠጡ። ዝም አሉ። ደግመው ቆረጡ። ከዚያ የኮካውን ጠርሙስ በጣታቸው ቀስ አድርገው ወደ ልጃቸው ገፉት።

ስወጣ በሩ ድረስ ሸኙኝ። «ለዳግማይ ትንሣኤ ና። ያንን ወላጆቹ በምርመራ የተገኙለትን ይዘህ ና። መክፈቻም እንዳትረሳ።»

እትዬ ከጓዳ ተጣሩ። «ቀኑን ቀደም ብላችሁ ንገሩኝ! ጥቁር ልብስ ነው የምለብሰው!»