የጨለመው ቪዲዮው አልነበረም

በላፕቶፕዎ ላይ ቪዲዮ ጨልሞ ከታየዎት፣ ሌላ ምንም ሳይነኩ ያንኑ ፋይል በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከፍተው ይዩት። ይህን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ የእኅቴን የመልስ ምሽት የሚያሳዩ 11 ቪዲዮዎችን በገዛ እጄ አበላሸሁ።

መልሱ የተደረገው በግቢያችን በተተከለ ድንኳን ውስጥ፣ ማታ ነበር። በስልኬ የቀረጽኩትን ወደ ላፕቶፔ ከገለበጥኩ በኋላ የስልኩ ሜሞሪ ሞልቶ ስለነበር ከዚያ አጠፋሁት። በላፕቶፑ ስከፍተው ግን የእናቴ ፊት ከጥላው አይለይም ነበር። የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩ፤ ቻርጀር ሰካሁ፤ ዊንዶውስ 11 እንደ ምስሉ ይዘት ብርሃን የሚቀንስበትን ቅንብርም ዘጋሁ። ምንም ለውጥ አልመጣም። የእርዳታ ገጾች እንደሚመክሩት የግራፊክስ ካርዱን (ምስል የሚያዘጋጀውን የኮምፒውተሩን ክፍል) ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ አደስኩ፤ ይህም አልረዳም። ድራይቨሩ ሲጫን የቀድሞውን ቅንብር እንዲደመስስ ለይተው ካላዘዙት በቀር እንዳለ ይዞት እንደሚቀጥል ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ስለዚህ ገጾቹ ምንም ቢሉ ድራይቨር በማደስ አይጀምሩ።

ቀጥሎ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው የስክሪኑ የጀርባ መብራት ደክሟል ብሎ ስክሪን እንድቀይር ነገረኝ፤ ከፍዬ አስቀየርኩ። የጀርባ መብራቱ የደከመ ስክሪን ጽሑፉንም ፎቶውንም አብሮ ያጨልማል እንጂ ቪዲዮን ለይቶ አያጨልምም። ባዶ ነጭ ገጽና አንድ ቪዲዮ ጎን ለጎን ከፍቶ ቢያይ ኖሮ ይህን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይደርስበት ነበር፤ ሳያይ ማስከፈሉ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ከእርሱ ጥፋት ይልቅ የራሴ ይበልጣል። አዲሱም ስክሪን ያንኑ ጨለማ ሲያሳየኝ ካሜራዬ አልሠራም ብዬ ደመደምኩ፤ በቪዲዮ ማረሚያ ፕሮግራም የሁሉንም ብርሃን ጨምሬ እንደ አዲስ አስቀመጥኳቸው፤ ቦታ ለመቆጠብ ብዬም ኦሪጅናሎቹን ሰረዝኩ። በዚያው ሳምንት ዋሽንግተን ለምትኖረው እኅቴ ላክሁላት። ወዲያው ደውላ፣ «ቪዲዮውን ምን ነካው? የእማዬ ቀሚስ ወረቀት መስሏል እኮ፤ ጥለቱ የት ሄደ?» አለችኝ። ብርሃን ከልክ በላይ ሲጨመር ደማቁ ክፍል ሁሉ ከመጨረሻው ወሰን ላይ ደርሶ አንድ ዓይነት ንጣት ይሆናል፤ በውስጡ የነበረው እጥፋትና ጥልፍ ከፋይሉ ስለሚጠፋ፣ በኋላ ብርሃኑን ቢቀንሱት ነጩ ግራጫ ይሆናል እንጂ ዝርዝሩ አይመለስም። የሙሽራው ካባ የወርቅ ጥልፍም እንዲሁ ቀርቷል።

መንስኤውን ያገኘሁት ከዚህ በኋላ ነው። ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ውስጥ፣ የተጨመቀውን ቪዲዮ በግራፊክስ ካርዱ የሚፈታበትን ቅንብር ዘግቼ፣ ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚያወጣበትን መንገድም ኦፕንጂኤል ወደሚባለው ስቀይር ቪዲዮው በራ፤ ስለዚህ ጨለማው ከካርዱ የሚመጣ መሆኑ ታወቀኝ። የካርዱን አምራች የኤንቪዲያን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ከፍቼ የቪዲዮ ቀለም ቅንብሩን ሳይ ብሩህነቱም ጋማውም (የመካከለኛ ጥላዎችን ድምቀት የሚወስነው) ዝቅ ብለው ተቀምጠዋል። ዝቅ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። ከአንድ ዓመት በፊት ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥን ጋር ሳገናኝ ምስሉ አመድ መስሎብኝ ነበርና በዚያ መንገድ «አስተካክዬው» ረሳሁት። የዚያን ጊዜው ችግር የብርሃን አልነበረም። ኮምፒውተሩ ጥቁርን በ16፣ ነጭን በ235 ቁጥር ሲልክ ቴሌቪዥኑ ከ0 እስከ 255 ይጠብቅ ስለነበር፣ 16 ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ግራጫ ሆኖ ታየ። መፍትሔው የሁለቱን ወሰን አንድ ማድረግ ብቻ ነበር። በተገላቢጦሽ፣ ኮምፒውተሩ ሙሉውን ወሰን ልኮ ቴሌቪዥኑ ጠባቡን ከጠበቀ ደግሞ ከ16 በታች ያለው ጥላ ሁሉ ድፍን ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ቴሌቪዥን ላይ ብቻ የሚጨልምባችሁ ሰዎች መጀመሪያ ይህንን ፈትሹ።

ላፕቶፔን ለማስተካከል በኤንቪዲያ መቆጣጠሪያ ውስጥ ያለውን ምርጫ ወደ ቪዲዮ ማጫወቻው ቅንብር መመለስ በቂ ነበር፤ አንድ ጠቅታ ነው። ከ11ዱ ቪዲዮዎች ሳይነካ የተረፈው በመልሱ ማግስት ለአክስቴ በቴሌግራም የላክሁት አንዱ ብቻ ነው። እንደ ፋይል ስላልላክሁት ተጨምቆ ጥራቱ ቀንሷል፤ የእናቴ ቀሚስ ጥለት ግን ይታይበታል።