እንኳን አደረሳችሁ፤ ውሻችሁን አስከተባችሁ?

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ውሻችሁንስ አስከተባችሁ?

አልተሳሳትኩም። ለሃያ ዓመት ያህል በገና ጠዋት ስልኬ ሲጮኽ የምሰማው ይህንኑ ነበር። "እንኳን አደረሰህ፤ ውሻውን አስከተብከው?" በአንድ ትንፋሽ። ልጆች እንዴት ናቸው፣ ሥራ እንዴት ነው የሚባለው ኋላ ይመጣል። መጀመሪያ ውሻው። ቀጥሎ ደግሞ የቡችሎቹ ቁጥር። የእኔ ውሻ ቡችሎች አይደሉም፤ የቀይ ቀበሮዎቹ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የተወለዱት ከጉድጓድ ወጥተው ፀሐይ የሚሞቁበት ሰሞን ስለሆነ፣ ጋሼ ቁጥሩን የሚነግሩኝ አያት የልጅ ልጆቹን እንደሚቆጥር ነበር።

ዘንድሮ ጋሼ የሉም። ሐምሌ ላይ ሸኘናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። የሚያውቋቸው ከርዕሱ አውቀዋቸዋል፤ ለማያውቋቸው ደግሞ ስሙ ብዙም አይነግራቸውም። ቴሌቪዥን ላይ የሚወጡ ሰው አልነበሩም። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮ ሲከተሉ ነው።

የዱር እንስሳ ተመራማሪን ከቤት ውሻ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። በአንድ ክረምት ወይም በአንድ በጋ ሊፈጃቸው የሚችለው ደግሞ ከእረኛ ጋር ሽቅብ የሚወጣ ያልተከተበ ውሻ ነው። ቀይ ቀበሮ አይጥና ፍልፈል የሚያድነው ለብቻው ነው። የሚኖረው ግን በቤተሰብ ነው። ጠዋትና ማታ ሲገናኙ ይላላሳሉ፣ ይቦርቃሉ፤ የአንዷን ልጆች ሌላዋ የምታጠባበት ጊዜም አለ። አንዷ በእብድ ውሻ በሽታ ከተያዘች ታዲያ ሌሎቹን የሚያስይዛቸው ይኸው መዋደዳቸው ነው።

በ1996 ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በባሌው ወብ ሸለቆ ከአራት ቀበሮ ሦስቱ ገደማ ያለቀበት ዓመት ነው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ወራት ነበር፤ ማስታወሻ ከመያዝ በቀር ለምንም አልረባም። አንድ ቀን ጠዋት አንዲት እናት ሞታ አገኘን። ጋሼ ከቡችላነቷ ጀምሮ ያውቋታል። ጓንታቸውን አጠለቁ፣ ለኩ፣ ናሙና ወሰዱ፣ ለእኔ እያነበቡ አጻፉኝ። ድምፃቸው አልተለወጠም። ቀኑን እንድጽፍ ሲነግሩኝ ታኅሣሥ 28 አልኩ። "በቃ ነገ ገና ነው" አሉ፤ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ አልተናገሩም።

ማታ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ጄሪካን ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሠርቷል። የፈረስ ኮቴ ሰማን። ከስካውቶቹ፣ ከዱር እንስሳት ጠባቂዎቹ፣ አንዱ ናቸው፤ ሁላችንም "ኦቦ" ነው የምንላቸው። የሐረና ማርና የገብስ ቂጣ ይዘው መጥተዋል። "እንኳን አደረሳችሁ!" አሉ።

"ኦቦ፣ ገና እኮ ነገ ነው" አልኳቸው።

ሳቁብኝ። "ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ ነው። በ28 ነው የሚውለው። ዛሬ ነው!"

እንግዲህ አስቡት። ሁለት ክርስቲያኖች በዓላችን እንዳለፈን የነገረን አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ነው። ጋሼ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ማሩን ከጣታቸው እየላሱ ሳለ ግን ድንገት አቆሙና እንዲህ አሉኝ፦ "ያቺን ልጅ የገደላት ክፉ ሰው አይደለም። 'ነገ አስከትበዋለሁ' ያለ ሰው ነው።" የገና ስልክ የተጀመረው በዓመቱ ነው።

ያን ጊዜ ከወብ ወደ ሌሎቹ ቦታዎች በሚያሻግሩት ጠባብ መተላለፊያዎች ላይ ያሉትን ቀበሮዎች እየያዙ በመከተብ በሽታው እንዳይዛመት ተደረገ። በ2010 ደግሞ በፍየል ሥጋ ተሸፍኖ የሚሰጥ ክትባት በሰፊው ተጀመረ። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ "ከእንግዲህ ለእነሱም በዓል አለ፤ ሥጋ አቅራቢዎቹ እኛው!" ብለው ስልኩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ለቅሶው ላይ ከባሌ የመጡት ስካውቶች የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ነበር። አንዲት የሰፈሩ እናት ጠጋ ብለው "እናንተም ውሻ አላችሁ?" ብለው ጠየቋቸው። ለካ በሰፈራቸው ጋሼ የሚታወቁት "የውሻው ዶክተር" ተብለው ኖሯል። በየዓመቱ የጎረቤቱን ውሻ ሁሉ ሰብስበው ያስከትቡ ነበር። ከዚያ ሰው ሁሉ መካከል ስለ ቀይ ቀበሮ አንድም ቀን ያልሰማ ብዙ ነው። እያለቀስኩ ሳቅ ያመለጠኝ ያኔ ነው፤ ሰዎቹም አዩኝ።

አሁን ምስጋና። ኦቦ፣ ማሩ ዛሬም አፌ ላይ አለ፤ ዕድሜ ይስጥልኝ። የጋሼ ባለቤት እትዬ፣ ሳንጠራ እየመጣን ድስትዎን ያራቆትነውን ሁሉ ይቅር ይበሉን። ጭቃ ውስጥ ሦስት ሌሊት አብሮን ያደረው ሾፌራችን፣ አሁንም ዕዳህ አለብኝ። ዛሬ እኛ ዶሮ ስንቆርስ ባሌ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ብርድ እየገረፋችሁ ቡችላ የምትቆጥሩ ልጆች፣ በዓሉ የእናንተ ነው። ለሽርሽር ወደዚያ የምትወጡት ደግሞ እባካችሁ ሜዳው ላይ ነዳጁን አትርገጡት። ቀበሮ መንገድ ይሻገራል። ሰልፊው ይደርሳል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ዓምና ጋሼ ሲደውሉ "ቡቺን አስከተብከው?" አሉኝ። "አዎ ጋሼ፣ ድሮ!" አልኩ። ዋሸሁ። የቡቺ ካርድ ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። "ተባረክ" አሉኝ። የመጨረሻው የገና ስልካችን ያ ነው። ያቺ "ተባረክ" ከሐምሌ ወዲህ እንቅልፍ ነስታኛለች።

ትናንት ቡቺን ወሰድኩት። እያለቃቀሰ ተወጋ። ካርዱን ፎቶ አነሳሁና፣ ሞኝነት በሉት፣ በጋሼ ቁጥር ላክሁት። ስልኩ እትዬ ጋ እንዳለ ረስቼዋለሁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መልስ መጣ።

"እንኳን አብሮ አደረሰን ልጄ። የጎረቤትህስ ውሻ?"